የሚሞቀው ግድግዳ

ሰፈሩ እትዬ ብሎን ነው የሚላቸው። ከምስማር እስከ ቧንቧ የሚሸጡበትን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። ሱቁን ኢንሹራንስ ለማስገባት ሲያስቡ የባለቤታቸው ምክር አጭር ነበር፦

«የስርቆት ብቻ ግቢ። ብረት የሚፈራው ሌባን እንጂ እሳትን አይደለም።»

ጠዋት የመጣችው የኢንሹራንስ ወኪል ግን መጠየቅ የማይሰለቻት ሆነች። ቅጿን ይዛ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞረች።

«እዚህ ጋ ምንድን ነው?»

«ቀለምና ቲነር።»

«ከግድግዳው ጀርባስ?»

«እሱን እንኳ ዞሬ አላየሁም» አሉ እትዬ ብሎን። ወኪሏ የቀለም ጣሳዎቹን ገፋ አድርጋ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ይሞቃል እኮ!»

«ፀሐይ ይሆናላ።»

«ፀሐይማ በዚያኛው በኩል ናት፣ እትዬ።»

እሳቸውም ነኩት። እውነትም ለብ ብሏል። ድመታቸው በብርድ ጊዜ ከጣሳዎቹ ኋላ የምትወሸቀው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባቸው።

«ለካ ከእኔ ቀድማ አውቃለች! ነይ ልጄ፣ ሳላየው አላድርም።»

ሱቁን ቆልፈው ከወኪሏ ጋር በማዕዘኑ ዞሩ። በኋለኛው መንገድ ዳቦ ቤት አገኙ። ትልቁ ምድጃ ከዚያው ግድግዳ ጋር ተለጥፏል።

«ወንድሜ፣ ከዚህ ጀርባ ምን እንዳለ ታውቃለህ?» አሉት ጋጋሪውን።

«ማን ነግሮኝ፣ እትዬ! ደንበኞቼ ዳቦህ ቀለም ቀለም ይላል እያሉኝ እርሾ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ።»

«ቲነሩ የእኔ ነው።»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ወኪሏ ግን አልሳቀችም። በጣቷ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀጭን ስንጥቅ አሳየቻቸው። ሳቁ ወዲያው ጠፋ።

ጋጋሪው ሽርጡን አውልቆ ወደ ሱቁ ተከተላቸው። ሦስቱም ጣሳዎቹን ተሸክመው ወደ ትይዩው ግድግዳ፣ መስኮቱ ሥር አዛወሩ። እትዬ ብሎን ላባቸውን ጠርገው ቅጹን ሳቡ።

«የስርቆቱ ይቆየን። ሱቄ ቢቃጠል የሚክስ፣ እሳቱ ወደዚህ ሰውዬ ቢሻገርም ለእሱ የሚከፍል አለሽ?»

«አለ። ጣሳዎቹ ግን ወደዚያ ግድግዳ ከተመለሱ ካሳ የለም።»

«አይመለሱም። ይኸው ምስክር።»

ጋጋሪው አንገቱን በትከሻቸው ላይ አስግጎ አብሮ ያነብ ጀመር። «ለእኔስ ይኖርሻል? ግድግዳው ቢደረመስ ይከፍላል? ጎርፍ ቢገባስ?»

«ቆይ፣ ተራዬን ልጨርስ!» አሉት እትዬ ብሎን። «ልጄ፣ ይቺ በደቃቁ የተጻፈችው ምን ትላለች?»

ወኪሏ ቶሎ እንደማትወጣ ገባትና አንድ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።