ወተቱን ክደኑት

ያኮቭ ከሠላሳ ዓመት በላይ እስራኤል አገር ናታንያ ከተማ ውስጥ ያኮቭ ሆኖ ኖረ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 ከአውሮፕላን እንደወረደ ከአንዲት መዝጋቢ ነው። ሌላው ስሜን ለወጡብኝ ብሎ ሲያኮርፍ እሱ የሴትዮዋን እጅ ሊስም ምንም አልቀረው። እናቱ ያወጣችለት ስም ዝንቤ ነበራ። ጎንደር ሳለ የመንደሩ ልጆች ብቅ ሲል ባዩት ቁጥር «ወተቱን ክደኑት፣ ዝንቤ መጣ» ይሉት ነበር። ናታንያ ውስጥ ይህን የምታውቅ ታላቅ እህቱ ባንች ብቻ ናት። እሷም አልተናገረች፤ እሱም ዝም አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

የልጅ ልጁ ኖጋ ልትወልድ ወር ሲቀራት ግን መሳቢያው ውስጥ ያኔ ለጉዞው አዲስ አበባ የተመዘገበበትን ካርድ አገኘች።

«ሳባ፣ ዝንቤ ማን ነው?» አለችው፤ አያቷን በዕብራይስጥ ሳባ ነው የምትለው።

«እኔ ነኝ» አላት አያትየው።

«ምን ማለት ነው?»

«ጀግና» አለ፣ አፉ ላይ የመጣለትን።

ኖጋ እንባዋ መጣ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። «ይህኛው ጀግና መሆን አለበት» አለች። «ወንድ ከሆነ ስሙ ዝንቤ ነው።»

ያኮቭ እውነቱን ሊነግራት አፈረ። «ሊኦርም እኮ ጥሩ ስም ነው፤ ሮይም አይከፋም» እያለ ወሩን ገፋ። ወንድ ተወለደ።

በስምንተኛው ቀን፣ ለግርዘቱና ለስም ማውጣቱ፣ የሰፈራቸው የሺኩን ቫቲኪም ምኩራብ በጎንደር ሽማግሌዎች ሞላ። ገራዡ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስሙ በእስራኤል ዝንቤ ይባል» ሲል ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ዘመነ የሚባለው ግን አልቻለም። «ምነው ልጄ፣ ስም ጠፍቶ ነው?» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን ያስቃቸዋል?» አለች ኖጋ። ያኮቭ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ባንች ከዘራዋን ተደግፋ ተነሣች።

«ዝንብ ማለት ነው ልጄ» አለቻት። «ከአያትሽ በላይ ግርማው፣ መኳንንት፣ ንጉሤ የሚባሉ ወንድሞች ነበሩን። ስማቸው ሲያምር ሞት ሰምቶ ሦስቱንም ወሰዳቸው። አራተኛውን እናታችን ሞት እንዲንቀው ዝንብ አለችው። ይኸው ናቀው፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው።»

የሚስቅ ጠፋ። ኖጋ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ዋሽተኸኛል፣ ሳባ።»

«ዋሽቼሻለሁ። ስሙን ለውጪው።»

«ጀግናማ ይሞታል» አለችው። «ዝንብ ይሁንልኝ።»

ያኮቭ አለቀሰ። ሕፃኑም ርቦት ማልቀስ ሲጀምር ያኮቭ ዓይኑን ጠርጎ፣ ዘመነ እየሰማው፣ «ወተቱን ክፈቱት፣ ዝንቤ መጣ» አለ።