የተሰማ የቁም ተዝካር

ሽንት አይቶ የሰው ዕድሜ መቁረጥ ሙያዬ ነበር። የጦሩ ወጌሻ ሆኜ ከመንዝ ባሌ ዘመትኩ፤ ጎባ ከተቆረቆረች ጀምሮም ደም የሚሸና ሁሉ ሽንቱን በቅል ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ደሙ የሥጋ እጣቢ ከመሰለ «ዓመት ትቆያለህ» እላለሁ፤ ከረጋ ቀኑን ቆርጬ እነግረዋለሁ። ደምመላሽ ለሚባል ዘማች ሰባት ሳምንት ሰጠሁት፤ በሰባተኛው ቀበርነው። ስለ እሱ ከማዘኔ ይልቅ ልክ መሆኔ አኩርቶኝ ነበር። እንዲህ ያለሁ ሰው ነበርኩ።

በደኅና ቀን ደጄን የሚረግጥ አልነበረኝም። ሚስቴ ገና አገር ቤት ሳለሁ ሞታለች፤ ልጄን ወለተኢየሱስን በአምስት ዓመቷ ለእኅቴ ሰጥቼ ነው የዘመትኩት። ዘንድሮ አስመጣታለሁ፣ ለከርሞ አስመጣታለሁ ስል አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ።

ባለፈው ጥቅምት የእኔም ሽንት የረጋ ደም ሆነ። ከእምብርቴ በታች ድንጋይ የመሰለ እብጠት ዳሰስኩ። ለራሴም አርባ ቀን ቆረጥኩ። ልጄን ላስጠራ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን መልእክቱ ሄዶ እሷ እስክትመጣ ሦስት ወር ይፈጃል። አትደርስልኝም ብዬ ተውኩት።

ስሞት ተዝካር የሚያወጣልኝ ዘመድ እዚህ ስለሌለኝ፣ ብቸኛ ሰው እንደሚያደርገው የቁም ተዝካሬን አወጣሁ። ሁለቱን በሬዎቼን አረድኩ፤ ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፤ የጎባ ክርስቲያን ሁሉ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎኝ ሄደ።

አርባው ቀን አለፈ። ሰማንያውም አለፈ። አለመሞት እንዲህ ያሳፍራል ብሎ ማን ይገምታል! ተዝካሬን የበሉት መንገድ ላይ ሲያዩኝ ዞር ይላሉ። ደጄን የሚረግጠው ጎረቤቴ አደም ብቻ ሆነ። እስላም ነውና እኛ ያረድነውን አልቀመሰም፤ ስለዚህ በእሱ ዘንድ ገና አልሞትኩም። ጠዋት ጠዋት ወተት ያመጣልኛል።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ፣ አያ ተሰማ? አብሽሩ፣ ቀኑን አላህ ነው የሚያውቀው።»

«እኔም አውቃለሁ» አልኩት አንድ ቀን ተናድጄ። «ደምመላሽን ጠይቅ።»

«ደምመላሽማ» አለ አደም ቀስ ብሎ፣ «ቀኑን እርስዎ ከነገሩት ወዲህ እህል አልቀመሰም።»

ያን ዕለት ወተቱን ሳልጠጣው አሳደርኩት።

መጋቢት ላይ ነጋዴው ብዙነህ ከሸዋ ተመለሰ። ደጄ ላይ ተቀምጬ ሲያየኝ አማተበ። ኅዳር ላይ ተዝካሬን በልቶ ነበር ወደ አገር ቤት የወጣው።

«ይማሩኝ፣ አያ ተሰማ» አለ። «የቆረጡት ቀን አልፎ ነበርና ለልጅዎ አባትሽ ሞተ፣ ተዝካሩንም በላን ብያታለሁ። ፀጉሯን ተላጭታ አለቀሰች። እርሟን አውጥታለች።»

«ምን ትመስላለች?»

«እርስዎን።»

ፊቱ አለቀስኩ። ጥቅምት ላይ ልኬባት ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ አጠገቤ ነበረች። ትዕቢቴ ነው የከለከለኝ።

ብዙነህ በሳምንቱ ተመልሶ ሊወጣ ስለነበር ለልጄ የምልከው ቃል እንዳለ ጠየቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ዝም ብል፣ ልጄ አንዴ አልቅሳ ጨርሳለች። አለሁ ብላት ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መቃብሬ ላይ ትደርስ ይሆናል። ሽንቴ ጠቁሯል፣ እግሬም አብጧል። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኑን ወዲያው እቆርጥለት ነበር።

ብዙነህ ጭነቱን ጭኖ ሊሰናበተኝ መጣ።

«አባትሽ አለ በላት» አልኩት። «ሁለት ጊዜ ታልቅስ። ልያት።»

«እስክትመጣ ይቆያሉ?» አለኝ፤ እንደ ልማዱ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ።

«አላውቅም» አልኩት።

በቅሎዎቹን ነዳ። እብጠቱን በእጄ ይዤ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተልኩት።

«በየገበያው አትቁም!» ብዬ ጮኽኩበት።