አምስት ኢንች ያጠረ የሞተር እግር

ጀልባችሁ የሰው አናት ብትመታ፣ መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ የምታዩት አናቱን ነው ወይስ ፕሮፔለሩን?

በዚያ ሐይቅ ውስጥ አርባ አንድ ሰዎች ቆመዋል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ከልክ በላይ የተጫነች ጀልባ ይዛቸው ሰጠመች። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቁመታቸው ይጨምራል፤ ዘንድሮ ከአናታቸው እስከ ውሃው ፊት ሁለት ስንዝር አይሞላም። ከተማው ይህን ያውቃል። የቸገረው የፕሮፔለር መሰበር ነው።

ምንውየለት ባለሁለት ሞተር ፈጣን ጀልባ ገዝቶ በሁለት ወር አራት ፕሮፔለር ተሰበረበት። ስለዚህ የሻረግን አስጠራት። የሻረግ ሠላሳ ዓመት ጅቡቲ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ስትፈታና ስትገጥም ኖራ ካረጀች በኋላ የተመለሰች ሴት ናት።

«እትዬ፣ አጠር ያለ የሞተር እግር ይምረጡልኝ» አላት። እግር የሚሉት ወደ ውሃው ወርዶ ፕሮፔለሩን የሚይዘውን ብረት ነው።

«ሁለት ኢንች ያጠረ አለ፣ አምስት ኢንች ያጠረ አለ።»

«የቱ ይሻላል?»

«እግሩ ባጠረ ቁጥር ውሃ ውስጥ የሚጎተተው ብረት ይቀንሳል፣ ጀልባዋ ትፈጥናለች። አምስቱ ግን መታጠፊያ ላይ ውሃውን አይጨብጥም፤ ማቀዝቀዣ ውሃም ያጥረዋል። ለሥራ ሁለቱ ይሻላል።»

«ሁለቱ ሰዎቹን ይነካል?»

«ለክቼ እነግርሃለሁ።»

በነጋታው ጠዋት ከአርባ አንዱ አንዷ የሆነችው ታናሽ እህቷ ማንጠግቦሽ ወደቆመችበት በታንኳ ሄደች። እጇን ውሃ ውስጥ ከትታ በስንዝር ለካች። የማንጠግቦሽ አናት ላይ ሦስት ጠባሳ በእኩል ርቀት ተሰምሯል። የምንውየለት ፕሮፔለር ባለሦስት ክንፍ ነው።

«ያምሻል?» አለቻት።

«ሲበርድ ብቻ» አለች ማንጠግቦሽ።

ሁለት ኢንች ያጠረው እግር በአንድ ጣት ይነካታል። አምስቱ ያልፋታል።

የሻረግ ተመልሳ ምንውየለትን አገኘችው። የእድሩም ዳኛ እሱ ነበር።

«ሃያ ሰውና ገመድ ስጠኝ፤ እህቴን ላውጣትና ልቅበራት። ከዚያ ያሻህን እግር እገጥምልሃለሁ።»

«እትዬ፣ ተዝካሯ እኮ ተበልቷል» አለ። «በሬ ታርዶ! እርስዎ ስላልነበሩ ነው። አሁን ብናወጣት ያ ሁሉ ድግስ ምን ሊባል ነው?»

«አንተም በልተሃል?»

«በልቻለሁ እንጂ። ጠላው ትንሽ ቀጥኖ ነበር። ሥጋው ግን ደህና ነበር።»

የሻረግ መፍቻዋን አነሣች። አምስቱን ገጠመችለት። እሱ ለፍጥነቱ ያደረገችለት መስሎት መረቃት።

እሑድ ጀልባዋ በአናቶቹ ላይ ቀጥ ብላ በረረች፤ ማንንም አልነካችም። ዳር የቆመው ሰው አጨበጨበ።

በሳምንቱ ምንውየለት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ወደ ሐይቁ ዳር መጣ። የሻረግ ከዳርቻው እምብዛም ሳትርቅ ታንኳዋ ላይ ተቀምጣለች።

«እንግዲህ የሚነካቸው የለም፤ ነገሩ አለቀ» አለ አንደኛው ሽማግሌ ጮክ ብሎ። «ቂሙን ተይው፣ እህቴ። ለእግዜር ብለሽ ይቅር በይን።»

የማንጠግቦሽ ፀጉር ሃያ ስድስት ዓመት ሳይበጠር አድጎ ውሃው ላይ ተዘርግቷል። የሻረግ ጫፉን ጭኗ ላይ አድርጋ በማበጠሪያ ታፍታታዋለች። የአርባዎቹም ፀጉር ከያለበት ተነሥቶ፣ ነፋሱ ወደ ከተማው እየነፈሰ፣ ፀጉሩ በተቃራኒው ወደ ታንኳዋ እየመጣ በዙሪያዋ ተራ ይጠብቃል።

«ማንንም ይቅር አልልም» አለች፣ ቀና ሳትል።