የኛ ናት ያልኳት ቃል

...የኛ ናት አልኩ፣ የኛ፣ ምን ነካኝ፣ ከሮማኒ ቋንቋ የመጣች ናት ብዬ እንደ ራዲዮ ማቆም ስችል፣ ይኸው የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኞች ሹካቸውን አንጠልጥለው ያዩኛል፣ አክስቴ ማይሊስ ጡረታ በምትወጣበት ቀን፣ አረንጓዴው ኬክ ፊቷ፣ ቢላው እጇ ላይ።

ነገሩን ያመጣችው ጉንቦር ናት፣ የአክስቴ የሥራ ጓደኛ፣ ይቺ ሼይ ጡረታ ወጣች ቢሉኝ አላምንም አለች፣ ሼይ፣ ልጅት ማለት፣ ስዊድን ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚላት፣ እኔን ደግሞ አፌን በላኝ፣ ከየት እንደመጣች ታውቃላችሁ? ዱሮ በሮማኒ ቻይ ነበረች፣ ወንዱ ቻቮ ነው፣ ስፔን ገባና ቻቫል ተባለ፣ የሰፈር ልጅ፣ የፍቅር መጠሪያ፣ እንግሊዝ አገር ግን ቻቭ፣ ስድብ፣ መናጢ ዱርዬ እንደማለት፣ እዚህ ደግሞ ንጹሕ ስዊድናዊት መስላ ቁጭ፣ ማንም ዘርሽ ከየት ነው አይላት፣ አይገርምም? የኛ ናት እኮ!

ሹካዎቹ በያሉበት ቆሙ።

ጠዋት መኪና ውስጥ ምን አለችኝ፣ ላሴ፣ አንተ መለፍለፍ ትወዳለህ፣ እዚያ ብላና ዝም በል፣ እሺ አክስቴ። እኛ ሮማኒ ተጓዦች ነን፣ አያቶቻችን ከገበያ ገበያ ፈረስ እየለወጡ፣ ድስት እየበየዱ የኖሩ፣ ቋንቋችን በር ተዘግቶ ነው የሚወራው፣ አክስቴማ ዘግታም አታወራው፣ ፀጉርሽ ምነው ጠቆረ ሲሏት አያቶቼ ከቤልጂየም የመጡ ብረት አቅላጮች ናቸው ትላለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ፣ ድንች እየላጠች፣ እኔ በአንዲት ቃል...

የኛ? ትላለች ጉንቦር፣ የእናንተ የማን?

የአክስቴ አንገት ቀላ።

የኛ የስዊድኖች፣ እላለሁ፣ ድምፄ ቀጠነ፣ አሁን የኛ ሆናለች ለማለት ነው፣ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ነው፣ ውሸትም ሊሆን ይችላል። ውሸት አይደለም። የዚህን ያህል እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር የለኝም።

ተመስገን! ትላለች ጉንቦር፣ እኔማ ለካ ስንት ዘመን ከታታሬ ጋር ነው ድስት ስጋራ የኖርኩት ልል ነበር፣ ማንኪያዎቹን ቁጠሩ እንጂ! ታታሬ፣ እኛን የሚሰድቡበት ስም፣ በሳቅ ፈረሱ፣ አክስቴም ትስቃለች፣ ከሁሉም በላይ እሷ፣ ትልቁን ቁራጭ ቆርጣ ለኔ ታቀብለኛለች፣ ዓይኗ አመሰግናለሁ ይላል፣ ምናለ በጥፊ ባለችኝ፣ የማልስቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ጉንቦር እያየችኝ ነው፣ አክስቴም፣ ሳቅ እንጂ ይላል ዓይኗ፣ እሺ አክስቴ፣ እስቃለሁ፣ ይኸው፣ እየሳቅኩ ነው፣