መጀመሪያ ወርክሾፑ

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው «ፖስተኛዋ» ነው የሚላት። ደብዳቤ ተሸክማ ዞራ አታውቅም፤ ሥራዋ የድርጅቱን ኢሜይል መጠበቅ ነው። ማን ላይሰንስ እንዳለው፣ የማን ጊዜው እንዳለፈ፣ አዲስ አፕዴት ሲመጣ ለማን ቀድሞ እንደሚለቀቅ የምታውቀው እሷ ናት። ድርጅቱ ሊፍት ይተክላል፣ ይጠግናል። እዚያ ቤት ሊፍት ሲቆም ሰው በደረጃ ይወጣል፤ ኢሜይል ሲቆም ግን ሁሉም ወደ ፖስተኛዋ ነው የሚወጣው።

አንድ አመል አለባት፤ መጠበቅ አትችልም። ሻይ ስትጥድ ክዳኑን ደጋግማ ካልከፈተች የሚፈላ አይመስላትም። «አዲስ ነገር ደርሷል» የሚል ማስታወቂያ ካየች ደግሞ ቁልፉን እስክትጫነው ድረስ ጣቷን ይበላታል። ያሳደጓት አጎቷ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሏታል። እሷም «ለቅሞ ከጨረሰ ምን ቸገረው?» ትላቸዋለች።

ያን ቀን ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኳ ጮኸ። የአጎቷ ሚስት ናቸው።

«እትዬ፣ ደህና አደሩ?»

«ምን ደህንነት አለ ልጄ! አጎትሽ ዓይኑን ሳይከድን ነው ያደረው።»

«አመማቸው እንዴ?»

«ቢያመውማ በሐኪም ነበር። ‹አእምሮዬ ከዳኝ፣ እንደ ወንድሜ መሆኔ ነው› ይለኛል። ዛሬ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባለሁ ብሎ ጽፎ፣ ኪሱ ከትቶ ወጣ። አንቺ እዚያው አይደለሽ? እስቲ ምን እንደሆነ እይልኝ፣ በሞቴ።»

ወንድሜ ያሉት የእሷን አባት ነው። አባቷ መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጡበትን፣ ከዚያ የቤታቸውን መንገድ፣ በመጨረሻ የልጃቸውን ስም ረስተው ነው የሞቱት። አጎቷ ከዚያ ወዲህ አንድ ዕቃ በጠፋባቸው ቁጥር ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ዕቃው እስኪገኝ ከሰው ጋር አይነጋገሩም። በዚህ ዓለም የሚፈሩት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው፤ እሷም ለእሳቸው ትፈራላቸዋለች።

የሆነውን በመሥሪያ ቤቱ የማያውቅ አልነበረም። አንድ የወሊድ ሆስፒታል «የአልጋ ሊፍታችን ከወለሉ አንድ ጋት ዝቅ ብሎ እየቆመ ነው» ብሎ ለወርክሾፑ ደጋግሞ በኢሜይል ጽፏል። መልስ የሰጠውም፣ ሄዶ ያየለትም የለም። ትናንት ሊፍቱ ጭራሽ በሁለት ፎቅ መሐል ቆመና ምጥ የያዛት ሴት ከነአልጋዋ ውስጡ ቀረች። አወጧት፣ በሰላምም ተገላገለች፤ ሆስፒታሉ ግን ደውሎ ሥራ አስኪያጁን ከወንበሩ አስነሣው። የወርክሾፑ አለቃ አጎቷ ናቸውና ሥራ አስኪያጁ ሌላ ጥፋተኛ አልፈለገም። «ሰውየው አርጅተዋል» አለ፣ ሁሉም በሚሰማበት ኮሪደር።

ወርክሾፑ ውስጥ ሦስት ሰዎች በአንድ የኢሜይል ሳጥን ነው የሚጠቀሙት። ሥራ አስኪያጁ «ለሦስት ብሎን አጥባቂ ሦስት ላይሰንስ አልገዛም» ስላለ ነው። ሦስቱ ታዲያ የራሳቸውን ደንብ አበጁ። ኢሜይል ገና ሳይነበብ ፊደሉ ደማቅ ነው፤ ሲከፈት ይፈዛል። አንዱ አንብቦ ሲጨርስ፣ ባልደረቦቹ እንዳያልፋቸው «ያልተነበበ» የሚለውን ነክቶ መልሶ ያደምቀዋል። ሁለተኛውም እንዲሁ። የመጨረሻው ሰው ፈዝዞ እንዲቀር ይተወዋል፤ የፈዘዘ ጉዳይ ያለቀ ጉዳይ ነው። ትናንት ሳጥኑን ከፍተው ሲያዩ ግን የሆስፒታሉ ኢሜይል ደማቅም ፈዛዛም ሆኖ አልተገኘም። ጠዋት ቀድመው ገብተው የሚያነቡት አጎቷ ስለሆኑ ሁሉም አንድ ነገር ገመተ፤ ሽማግሌው አንብበው «ያልተነበበ» በሚለው ፋንታ «አጥፋ»ን ነክተዋል፣ ማንበባቸውንም ረስተዋል። እሳቸውም ራሳቸው ይህንኑ አመኑ።

ፖስተኛዋ ወደ ወርክሾፑ ወረደች። ያገኘችው ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪሻኑን ኮረንቲንና፣ አግብቶ ሦስት ልጅ ወልዶም ዛሬ ድረስ ሙሽራው የሚባለውን።

«ጋሼስ?»

«ሆስፒታል» አለ ኮረንቲ። «ሊፍቱን ሳልሠራ አልለቅም ብለው ሄዱ። ከሰዓት መጥተው ደብዳቤውን ያስገባሉ።»

«እናንተም አላያችሁትም? ኢሜይሉን?»

«ብናይ ዝም እንል ነበር? የሆስፒታል ነገር እኮ ነው! የሆስፒታል ኢሜይል ሲመጣ እኛ ዝም ብለን አናነብም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው መልሰን የምናደምቀው። አንዱ መፍቻ ሊይዝ ሲሄድ እንኳ አድምቆት ነው የሚሄደው።»

ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ «ሽማግሌው ግን እንዲህ አልነበሩም» አለ። ሐዘኑ የእውነት ነበር።

ደረጃውን ስትወጣ ልቧ አንድ ነገር ነግሯታል። የነገራትን ግን መስማት አልፈለገችም። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ማየት ያለባትን ከማየት ይልቅ በቁሟ ሌላ ሌላውን ታይ ጀመር። ሰርቨሩን አየች፤ ደህና ነው። የላይሰንሱን ዝርዝር አየች፤ ያለቀበት የለም። መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። ያልተበላሸ ገመድ ነቅላ መልሳ ሰካች። ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ብርጭቆውን እዚያው ትታ ተመለሰች። እሳት ላይ የተጣደች ይመስል እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አለ።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ፖስተኛዋ! ወንፊቱን ነገ ለሁሉም ሰው ልቀቂው። ከከፈልንበት ስንት ጊዜያችን ነው!»

ወንፊት ያለችው ራሷ ናት፤ ስሙ ለቢሮው ሰው እንዲቀልለው። ከአዲሱ ላይሰንስ ጋር የመጣ ነገር ነው። የእያንዳንዱን ሳጥን ጠባይ ያጠናል፤ ሰው የሚወደውን ላኪ ከፊት ያስቀምጣል፣ የሚሸሸውን ላኪ «ሌሎች» ወደሚባል የኋላ ሳጥን ያወርዳል። በጸደቀው እቅድ መሠረት መጀመሪያ ለቢሮው፣ በመጨረሻ ለወርክሾፑ ነበር መለቀቅ ያለበት።

እሷ ግን ቀደም ብላ ገልብጣው ነበር። መገልበጧን ለማንም አልተናገረችም። ባለፈው ጊዜ አንዲት ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ብትዛወር የሒሳብ ክፍል ሰዎች ሰልፍ ሠርተው መጥተውባታል። ወርክሾፕ ግን ምን ቢደረግበት አይጮህም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ዝም ባለ ክፍል ግን አፕዴት ይገባበታል። መጀመሪያ እነሱ ላይ ልሞክረው አለች፣ እጇን እየበላት፤ ለቀቀችው።

ሥራ አስኪያጁ ሲሄድ እንደቆመች የወርክሾፑን ሳጥን ከፈተች። «ሌሎች» የሚለውን ነካች።

ሁሉም እዚያ ነበሩ። የሆስፒታሉ ኢሜይሎች ተደርድረው፣ ደማቅ እንደሆኑ፣ የሰው ዓይን ሳያርፍባቸው። ወንፊቱ ያየው ይህን ነው፦ እነዚህ ሰዎች ከዚህ ላኪ የመጣውን ይከፍታሉ፣ ወዲያው «ያልተነበበ» ብለው ይመልሱታል፣ ደግሞ ይከፍታሉ፣ ደግሞ ይመልሳሉ፣ አንድም ቀን መልስ አይጽፉም። ምን መልስ ይጽፋሉ! መልሳቸው የዕቃ ሳጥን አንስቶ መሄድ ነው። ወንፊቱ ታዲያ ይህን ላኪ አጥብቀው ይጠሉታል ብሎ ደመደመ። አጥብቀው የሚያስቡለትን ሁሉ እየለየ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ጣለው።

ከሆስፒታሉ ኢሜይሎች በላይ ሌላ ደማቅ መስመር ነበር። «ስለ አዲሱ ወንፊት ማሳሰቢያ» ይላል። የጻፈችው እሷ ናት። የእሷንም ኢሜይሎች ልጃችን የጻፈችው ነው እያሉ እየተቀባበሉ ሲያደምቁ ኖረዋል ማለት ነው። ስለ ወንፊቱ የላከችውን ማስጠንቀቂያ ወንፊቱ ራሱ በልቶታል። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

አንድ ቁልፍ ብትነካ ሁሉም ወደ ፊተኛው ሳጥን ይመለሳሉ፤ ማንም ምንም አያውቅም። አጎቷ ጡረታቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። ቤታቸው ገብተውም መነጽራቸውን ባጡ ቁጥር እንደ ወንድሜ ሆንኩ እያሉ ይሞታሉ። እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ታሪኩን ከእሷ ሰምቶ ሲጨርስ እስክሪብቶውን አሽከረከረ።

«ሽማግሌው እኮ ራሳቸው አምነዋል። ነገሩ ዛሬ ይዘጋል። አንቺ ምን አነሳሳሽ?»

«ያመኑት ያላጠፉትን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆናል።»

«እቅዱን መገልበጥሽ የሚያስጠይቅ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ልጠየቅ።»

«ከዚያ ደግሞ ሦስት ላይሰንስ ቢገዛ ኖሮ ትያለሽ።»

«እሱንም ሳልል አልቀርም» አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። በዚህ ጊዜ አለመጠበቋ ጥሩ ነበር።

ታክሲው ውስጥ ባለቤቱ እሷ የሆነች ይመስል «እዚህ ጋ ታጠፍ፣ እዚያ ጋ እለፍ» እያለች ሹፌሩን አስመረረችው። ሆስፒታሉ ግቢ ስትደርስ መልሷን ሳትቀበል በሩጫ ገባች።

አጎቷ ሦስተኛ ፎቅ ነበሩ። የሊፍቱ በር ተከፍቷል፤ እሳቸው ተንበርክከው የበሩን ጫፍና ወለሉን በመዳፋቸው ያመሳስላሉ።

«ጋሼ!»

«ቆይ፣ ልጨርስ።»

ቆመች። አንዲት ነርስ ባዶ አልጋ እየገፋች መጣች። የአልጋው ጎማ ከወለሉ ወደ ሊፍቱ ሲሻገር ድምፅ አላሰማም። አጎቷ «አሁን ሆነ» አሉና የዕቃ ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ያልተኙበት ሌሊት ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

«ልትለምኚኝ ከሆነ የመጣሽው አይሆንም ልጄ። ሰው በራሱ እግር ሲወጣ ይሻላል። አባትሽን አይተሻል።»

«አልረሱም ጋሼ።»

«ተይ፤ አታባብዪኝ።»

«አላባብልዎትም። ኢሜይሉ ዓይንዎ ጋ አልደረሰም። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»

ነገረቻቸው። ስለ ወንፊቱ፣ ስለ ኋላው ሳጥን፣ እነሱ ለጥንቃቄ የሚያደርጉትን ወንፊቱ እንደ ጥላቻ እንደቆጠረው። ሊፍት ተበላሽቶ ሲጠሯቸው እንደሚያደርጉት ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ደማቅ ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«ደማቅ ነው። ማንም አልከፈተውም።»

«እኔም?»

«እርስዎም። ቢከፍቱት ሰርቨሩ መዝግቦት ይታይ ነበር።»

«እስቲ እንደገና በዪው።»

«አልከፈቱትም፣ አላጠፉትም፣ አልረሱም። ወንፊቱን እቅዱን ገልብጬ ከእናንተ የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

አጎቷ ስልካቸውን አወጡ። ቁጥሩን ሁለቴ ሳቱት።

«ሄሎ! ሰማሽ? አልረሳሁም! ... አልረሳሁም እኮ ነው የምልሽ! ልጅቷ ናት! ... አዎ፣ የኛዋ! እሷ ናት ያበላሸችው! ራሷ መጥታ ነገረችኝ!» ኮሪደሩ ላይ ያሉ ሁሉ ዞረው አዩ። አጎቷ ይስቃሉ፤ እንባቸው ግን ጺማቸው ውስጥ ይወርዳል። ስልኩን ዘረጉላት። «ንገሪያት፤ እኔን አታምነኝም።»

«እትዬ፣ እውነት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ? እሱን ለማጽናናት ብለሽ እንዳይሆን!»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው እትዬ። የኔ ነው።»

በስልኩ ውስጥ ለቅሶ ተሰማ። «ተባረኪ» አሉ። «ተመስገን፣ ያንቺ ጥፋት ያድርገው። ተባረኪ ልጄ።»

በሕይወቷ ስላጠፋችው ጥፋት ሲመርቋት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ስልኩን ለአጎቷ መለሰችላቸው፤ ተወቅሳ ቢሆን ይሻላት ነበር።

አጎቷ ከደረት ኪሳቸው የመልቀቂያ ደብዳቤውን አወጡ። ግራሶ የነካ እጃቸውን ጣት በጣት ጠረጉበትና ጨምድደው ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወሩት። ከዚያ ዕቃ ሳጥኑ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል።

«ነይ፣ ቁጭ በይ። አሁን ደግሞ ለምን ከኛ እንደጀመርሽ ንገሪኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ ያልተቀመጠችው ፖስተኛ ተቀመጠች።

«እናንተ አትጮኹማ ጋሼ» አለች። «ለዚያ ነው።»