መግነዝ ያልሆነው ፈትል

ከባሕር ማዶ በሚመጣ ክር ላይ የተጣለ ቀረጥ የአርብ ገበያን መነኩሲት በገዛ ፈትላቸው እንዳይገነዙ ያደርጋል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ሸማኔው ደምሌም አያምንም ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት ድሩ ለሰባተኛ ጊዜ እስኪበጠስበት ድረስ።

እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጣ ቋጠረው። እማሆይ አመተ ሥላሴ በሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ለመግነዛቸው ሁለት ክረምት የፈተሉት ማግ ከፊቱ በቁና ተቀምጧል።

"ዛሬም አላለቀ?" አሉት።

"ድሩ እንቢ አለኝ፣ እማሆይ። የፋብሪካ ክር ነው።"

"የድሮው የት ሄደ?"

"ቀረጥ ተጣለበት። ዋጋው እጥፍ ሆነ። ያገራችን ፋብሪካ በእግሩ ይቁም ተብሎ ነው አሉ።"

"ጃንሆይ ይህን ያውቃሉ?"

"እኔ ምኑን አውቄ።"

"ይቁም እንግዲህ፣ ምን ከፋ። እስኪቆም የምጠብቅበት ዕድሜ ግን የለኝም።" ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

ደምሌ ፋብሪካ አይጠላም። ሕፃንም ግድግዳ ይዞ ነው መቆም የሚማረው። ግድግዳው የእሱ ጀርባ ሲሆን ግን ያማከረው የለም።

እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የማይገባ ነገር አደረገ። የፋብሪካውን ክር ቆርጦ ጣለና የእሳቸውን ፈትል ድር አድርጎ ወጠረው። ለማግ ተብሎ ላልቶ የተፈተለ ክር ውጥረት እንደማይችል ያውቃል፤ ቃል የገባበት ቀን ግን ካለፈ ሰንብቷል። ከቀትር በኋላ የሁለት ክረምት ድካም ተነጫጭቶ መልሶ ጥጥ ሆነ።

ሊነግራቸው አልደረሰም። ሐሙስ አረፉ። ከዚያው ፋብሪካ በወጣ አቡጀዲ ገነዟቸው። አቡጀዲውን የሸጠው ነጋዴ ሙላት ከቀብር ሲመለሱ ጠጋ አለው።

"ምን እንዲህ ያንሰቀስቅሃል? ጨርቅ ጨርቅ ነው።"

ደምሌ ጥሎት ሄደ።

በማግስቱ የወረዳው ገዥ ፊታውራሪ ጌጡ ገበያ መሃል ቆመው የቀረጡን ጥቅም ለሕዝቡ ሲያስረዱ ደምሌ ደረሰ። የራሱን ጥፋት ደብቆ ሌላውን መክሰስ አልሆነለትም።

"የእማሆይን ፈትል ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "በማይሆን ቦታ ወጥሬው ነው። ሳልነግራቸው ሞቱ።"

ከዚያ ወደ ፊታውራሪው ዞረ።

"የኔን ተናግሬያለሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው፣ ፊታውራሪ። ፋብሪካው በእግሩ እስኪቆም የምንወድቀው እኛ እንድንሆን ማን ፈረደ? ጽሕፈት ቤት አያስጠሩኝ። እዚሁ፣ ሕዝቡ እየሰማ ይመልሱልኝ።"