ኮምፓስ፣ ነሐስ፣ ብዛት አንድ

ዱሬቲ የማኅበሩን ወረቀት እየቀደደች ምድጃ ውስጥ ስትከት፣ ኩመራ በመስኮቱ ስንጥቅ መንገዱን ያያል። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሌሊቱን ከጎሬ የፖሊስ መኪና መግባቱ በሰፈሩ ተወርቷል። ወረቀቱ ብዙ አልነበረም። ኩመራ የመምህራን ማኅበር የመቱ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆኖ በሁለት ዓመት ያጠራቀመው ቃለ ጉባኤ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት ደብዳቤዎችና የአድማው ጥሪ፣ በቃ። ያስቸገረው ጭሱ ነው። ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይነድም፤ ጭሱ በጣሪያው በኩል ወጥቶ ሰፈሩ ላይ ተንሰራፍቷል።

"ቶሎ በይ እንጂ!"

"ሁለት እጅ ነው ያለኝ" አለች ዱሬቲ። የአምስት ወር ልጃቸው ዋሪቱ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። "ስትጽፈው እንዲህ ተቻኩለህ ነበር?"

በሩ ተንኳኳ።

ኩመራ ካለበት ሳይነቃነቅ ቀረ። ዱሬቲ የቀረውን ወረቀት መሬት ላይ አነጠፈችና ቀሚሷን ዘርግታ ተቀመጠችበት። ኩመራ እስከ በሩ ድረስ ያለውን አራት እርምጃ እንዴት እንደሄደው አያውቅም።

ፖሊስ አልነበረም። የባልደረባው የጋሼ አምባዬ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን፣ በሌላው በጨርቅ የታሰረ ምሳ ዕቃ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"ጋሼህን ወሰዱት" አሉ።

"ማን? መቼ?"

"ገና ሳይነጋ። ከጎሬ የመጣ ሻምበል ነው አሉ። ቤቱን ገለባበጡት። 'ኮምፓሱ የት አለ?' ይሉታል፤ እሱ ዝም። እኔ ደግሞ ጠመንጃ ይሁን የሬዲዮ ዕቃ ምኑን አውቄው! እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፤ ኮምፓስ ምንድን ነው?"

የኩመራ ኮት ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኮምፓሱ በውስጥ ኪሱ ውስጥ ነው።

"ክብ መሥሪያ ነው፣ እትዬ" አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "የተማሪ ዕቃ ነው።"

"ለክብ መሥሪያ ሰው ይታሰራል?"

እትዬ ጥሩነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላንድሮቨር ወደ ጎሬ ሊወስዱት ነው አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚያደርሱት የሚያውቅ የለም። አስም አለበት፤ ለጡረታ የቀረው ሁለት ዓመት ነው። ምግብ ሊያደርሱለት አስበው ጉልበታቸው መንገድ ላይ ከዳቸው። "አንተ አድርስልኝ፤ እንደ ልጁ ነው የሚያይህ" ብለው ምሳ ዕቃውን ሰጡትና ተመለሱ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ እዚያው ጋሼ አምባዬ ቤት ነው። በየአገሩ መምህራን ሥራ ሊያቆሙ ነው የሚል ወሬ ነፍሷል። የመቱዎቹም ተሰብስበው ጎሬ ላሉት የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ማመልከቻ ጻፉ፤ ደሞዛችን ይሻሻል፣ የገበሬን ልጅ ከአራተኛ ክፍል ወደ እርሻ የሚመልሰው አዲሱ የትምህርት ዕቅድ ይቅርልን የሚል። ጽፈው ሲጨርሱ ግን አሥራ ሁለቱም ብዕሩን እንደ ጋለ ብረት ሸሹት። የመጀመሪያው ፊርማ የመሪ ፊርማ ነው፤ ይህን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። በመጨረሻ የቅርንጫፉ ሊቀመንበር ፉፋ በክብ እንፈርም አለ፤ ክብ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ሁሉም ተነፈሱ። እትዬ ጥሩነሽ ዙሪያውን አስምሩበት ብለው ሳህን አመጡ።

እዚህ ላይ ነው ኩመራ የሳቀው። "በሳህን? እኔ እያለሁ?"

የሒሳብ መምህር ነዋ! የተጣመመ ክብ ማየት ጥርሱ ውስጥ አሸዋ እንደ ገባ ያህል ይሆንበታል። በትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፓስ አለ። የሰላም ጓድ መምህር የነበረ አሜሪካዊ ትቶት የሄደ የነሐስ ኮምፓስ ነው፤ ጋሼ አምባዬ ከጂኦግራፊ ማስተማሩ ጋር በሚጠብቁት የዕቃ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጣል። ኩመራ ቀደም ብሎ የወሰደውን የማዕዘን መለኪያ አልመለሰም ነበር። አንድ ዕቃ ያለበት ሌላ ዕቃ አያወጣም የሚለውን ደንብ ያወጡት ደግሞ ራሳቸው ጋሼ አምባዬ ናቸው። እየሳቁ ሄደው መዝገቡ ላይ በራሳቸው ስም ጻፉ፤ "ኮምፓስ፣ ነሐስ፣ ብዛት አንድ፣ አውጪ አምባዬ"።

ምን የመሰለ ክብ ሠራ! በኮምፓሱ ስድስት ቦታ ረግጦ፣ ስድስቱንም ለሁለት ከፍሎ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት እኩል ቦታ አበጀ። እስከ መጨረሻ ሲያንገራግሩ የነበሩት ጋሼ አምባዬ እንኳ ክቡን አይተው ፈገግ አሉና ፈረሙ። መሐሉ ላይ መርፌው የበሳት ቀዳዳ ግን ለማንም አልታየችም። ጎሬ ያለው ሻምበል ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሣ መጀመሪያ ያያት እሷን ሳይሆን አይቀርም። ከቀዳዳዋ ኮምፓሱ፣ ከኮምፓሱ የትምህርት ቤቱ ዕቃ መዝገብ፣ ከመዝገቡም የጋሼ አምባዬ ስም ተከተለ።

ኩመራ ኮቱን ለበሰ። ዱሬቲ ከወረቀቱ ላይ ሳትነሣ ታየዋለች። ስትፈራ አማርኛው ይጠፋታል፤ በኦሮምኛ፣ "ማሎ፣ እባክህ፣ ምግቡን ሰጥተህ ና" አለችው። "አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ስለ እኔ አይደለም። ስለ እሷ።" ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ተንቀሳቀሰች።

መጀመሪያ ያመራው ወደ ፉፋ ቤት ነው። ፉፋ ሻንጣ እየሸከፈ ደረሰበት። ቡሬ ያሉት እናቱ በጠና ታመው እንደሆነ ነገረው። እኚያ እናት ባለፈው ቅዳሜ መቱ ገበያ ላይ ማር ሲሸጡ፣ ከነጋዴ ጋር ጉሮሮ ለጉሮሮ ሲናነቁ ኩመራ በዓይኑ አይቷቸዋል፤ ሆኖም እግዜር ይማራቸው አለ።

"ጋሼ አምባዬ በእኔ ፈንታ ሊሄዱ ነው፣ ፉፋ።"

"አውቃለሁ። ሰምቻለሁ።" ፉፋ ሸሚዝ እያጠፈ ነው፤ አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጠፈው። "እሳቸው ሰው አይሰጡም።"

"እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው!"

"እንግዲያው ምን ልታደርግ ነው? ጎሬዎቹ የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው፤ አስተባባሪ የሚሉት። አንዴ አግኝተዋል። አንተ ስትጨመር ሁለት ይሆናል እንጂ እሳቸው አይለቀቁም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኮምፓሱን ይዘኸዋል እንዴ? ኩመራ፣ እብድ ነህ? ሶር ወንዝ ውስጥ ጣለው! ዛሬውኑ!"

ፖሊስ ጣቢያው በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ወጥቶ ነበር። ከጎሬ የመጣው ሻምበል ኮፍያውን አውልቆ የትምህርት ቤቱን የዕቃ መዝገብ እያገላበጠ ያነባል። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ቢጮህ ይሻል ነበር።

"ለእስረኛው ነው?" አለ ምሳ ዕቃውን እያየ። "ደግ አደረጉ። ይቅመሱለት።"

እስረኛ የሚበላውን ያመጣው ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ደንብ ነው። ኩመራ ጨርቁን ፈትቶ አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ አደረገ።

"መምህር ነዎት?"

አፉ እንደ ሞላ ራሱን ነቀነቀ።

"ምን ያስተምራሉ?"

ጉርሻው ወረደ። "አማርኛ" አለ።

አስቦበት አልነበረም። ቃሉ ራሱ ዘሎ ወጣ። በሩ ላይ የቆመው የመቱው ፖሊስ ባጫ ቀና ብሎ አየው። የባጫ ልጅ በየነች ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ የሚያስተምራት ማን እንደሆነ ባጫ አሳምሮ ያውቃል። ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። ኩመራ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት አፍሮ አያውቅም።

"አማርኛ ጥሩ ነው" አለ ሻምበሉ። "ይግቡ። አምስት ደቂቃ።"

ጋሼ አምባዬ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ናቸው። ሲተነፍሱ ደረታቸው ይጮኻል። ባጫ ኩመራን አስገብቶ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ አልሰማም ማለቱ ነው።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነኝ..."

"ዝም በል። ልጅህ ስንት ወሯ ነው?"

"አምስት።"

"እንግዲህ።" እንጀራውን ቆረሱ፤ ግን አልጎረሱትም። "ጠፋብኝ አልኳቸው። አስበው፣ እኔ አምባዬ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ስጠብቅ አንዲት ጠመኔ ጠፍታብኝ አታውቅም። ጠፋብኝ ብዬ ፈረምኩ።" ከመታሰሩ ይልቅ ይህ እንዳመማቸው ያስታውቃል። "ኮምፓሱ አለ?"

ኩመራ ደረቱን ዳሰሰ።

"እንዳትጥለው። ፉፋ ጣለው ይልሃል፤ አውቀዋለሁ። የልጆች ዕቃ ነው። ነገሩ በረድ ሲል ቀስ ብለህ መሳቢያው ውስጥ አስገባው። ሌላ አላስቸግርህም።"

"ጋሼ..."

"በል ሂድ፣ ይጠራጠራሉ።"

ከጣቢያው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሶር ድልድይ ወረደ። ሰሞኑን በጣለው ዝናብ ቡናው አብቦ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ ሆኗል፤ ሽታው ያጥወለውላል። ከድልድዩ ላይ ኮምፓሱን አወጣ። ትንሽ ነው፤ ከመዳፉ አይበልጥም። አንድ ውርወራ ነው የሚበቃው። ውኃው ይውጠዋል፤ ዱሬቲ ባሏን፣ ዋሪቱም አባቷን አታጣም። ቡና ሸጦ ያስተማረው አባቱም ሽማግሌ ሆኖ ጎሬ ወህኒ ደጅ አይቆምም። እንዳይጥለው የሚያደርግ አንድ ምክንያት ፈለገ። በድፍረት በኩል ያለውን ሁሉ በረበረው፤ ምንም አላገኘም። ፈሪ ነው። ፈሪ መሆኑን ባጫ ሳይቀር አይቷል።

ግን ከጣለው ኮምፓሱ በእርግጥ የጠፋ ይሆናል። የጋሼ አምባዬ ውሸት እውነት ይሆናል። ኮምፓሱን ወደ ኪሱ መለሰ።

ቤት ሲደርስ ምድጃው ጠፍቶ አመዱ እንኳ ተጠርጎ ነበር። ዱሬቲ ልጅቷን ታጠባለች። ቀና ብላ ፊቱን አየች።

"ጣልከው?"

"አልጣልኩትም።"

ልጅቷ ጡቱን ለቅቃ እንቅልፍ ወሰዳት። ዱሬቲ አስተኛቻትና ተነሣች፤ ከሣጥኑ ውስጥ ሠርጋቸው ጊዜ እናቷ የሰጧትን ወፍራም ጋቢ አወጣች። አጣጥፋ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት።

"ጎሬ ይበርዳል" አለችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ላንድሮቨሩ ጣቢያው ደጃፍ ቆሟል። ሾፌሩ ውኃ ይጨምርበታል። ሻምበሉ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነው። በዚያ ሙቀት ጋቢ ታቅፎ የመጣውን ሰው ሲያይ ፈገግ አለ።

"የአማርኛው መምህር! ለእስረኛው ነው ጋቢው?"

ኩመራ በአንድ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

"ሒሳብ ነው የማስተምረው" አለ። ባጫ በሩ ላይ አንገቱን ቀና አደረገ። "መዝገቡን ይስጡኝ። ዕቃ ልመልስ ነው።"

ኮምፓሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሻምበሉ ኮምፓሱን አየ፤ ኩመራን አየ። ፈገግታው እየቀዘቀዘ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ ወደ እሱ ገፋው፤ ብዕሩንም ሰጠው። ከውስጥ የጋሼ አምባዬ ሳል ይሰማል።

መስመሩን አገኘው። "መላሽ" የሚለው ዓምድ ባዶ ነበር። ማንም የሚያነብ ሰው እንዳይሳሳት ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ስም በትልልቁ ጻፈና ፈረመ። አንድ ዓምድ ደግሞ ቀርቶታል። "የዕቃው ሁኔታ" ይላል። ጋሼ አምባዬ ይህ ዓምድ ባዶ ሲቀር አይወዱም። "ደህና" ብሎ ጻፈበትና ብዕሩን ለሻምበሉ መለሰ።